የፈረስ ቆዳ በክረምት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዝናብ፣ ጭቃና ብርድ ሲበረታ ፈረስ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን፣ ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

ክረምት ሲገባ የፈረስ ቆዳ ለምን ይታመማል?

ዋናው ጥፋተኛ ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ጤነኛ ቆዳ በላዩ ወዝ አለው። ወዙ ውሃ እንዳይሰርግና ጀርም እንዳይገባ ይከላከላል። ፈረሱ ለቀናት ሳይደርቅ ሲቀር ግን ወዙ ይታጠባል፣ ቆዳውም ይርሳል። ልብስ ስናጥብ ውለን የጣታችን ጫፍ እንዴት እንደሚሸበሸብ አስቡት። እንዲህ የራሰ ቆዳ በትንሽ ነገር ይላጣል። ድሮም እዚያው በሰላም ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ያኔ መግቢያ ያገኛሉ።

ሌላው ፀጉሩ ነው። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ፈረስ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ያበቅላል። ይህ ፀጉር ያሞቀዋል። ግን እርጥበት ይይዛል፣ ቅማል ይደብቃል፣ ቁስሉንም ከዓይናችን ይሸፍናል። ብዙ ሰው «ድንገት ታመመብኝ» የሚለው በሽታ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት የጀመረ ነው።

በየቀኑ ምኑን ልመልከት?

ከማየት ይልቅ መዳሰስ ነው የሚጠቅመው። ጣቶቻችሁን ፀጉሩ ከተኛበት በተቃራኒ አስገቡ። ከጋማው ጀምራችሁ በጀርባው፣ በወገቡና በዳሌው እያደረጋችሁ እስከ ጭራው ሥር ሂዱ። ከዚያ ወደ ሆዱና ወደ ብብቱ ውረዱ። በመጨረሻ ከኮቴው በላይ፣ ከኋላ በኩል ያለውን እጥፋት ንኩ። ጤነኛ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ፈረሱም ሲነካ አይደነግጥም። ከጣታችሁ ሥር እንደ ሩዝ ፍሬ የሚሻክር ነገር ካገኛችሁ ወይም ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ከእጃችሁ ከሸሸ፣ እዚያው ላይ ፀጉሩን ከፍላችሁ በብርሃን እዩ።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ አንድ ክረምት ዝናቡ ሲበዛብኝ ይህን ልማድ ትቼ ነበር። አንዲትን ዳማ ባዝራ በየቀኑ ከሩቅ አያታለሁ፣ ትበላለች፣ ደህና ትመስላለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮርቻ ልጭን ስል ወገቧን ሰብራ ሸሸችኝ። ፀጉሯን ብከፍተው ጀርባዋ እስከ ዳሌዋ ቅርፊት ሆኗል። ያን ሁሉ ቀን ሳትናገር ቻለችው። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ሳልዳስስ አላለፍኩም።

ጀርባው ላይ ፀጉሩ እየተጣበቀ ቆሟል፣ ሥሩም ቅርፊት አለው። ምንድነው?

በዝናብ ወራት ከሆነ በብዛት ይህ በባክቴሪያ የሚመጣ ቁስል ነው። የዝናብ ቁስል እንበለው። ባክቴሪያው ደርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ ይባላል። በስሙ ውስጥ ኮንጎ የገባችው መጀመሪያ የተገለጸው በ1915 እ.ኤ.አ. በያኔዋ የቤልጂየም ኮንጎ፣ በከብቶች ላይ ስለሆነ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርንጫፍ ስላለው ድሮ ብዙዎች ፈንገስ ይሉት ነበር፤ ዛሬም እንዲያ ብለው ለፈንገስ ብቻ የተሠራ ቅባት የሚገዙ አሉ። ባክቴሪያ ነው።

አኗኗሩ ክፉ ነው። በደረቅ ጊዜ ቅርፊት ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ቆዳው ሲርስ ይነቃና በውሃው ላይ የሚዋኙ ጥቃቅን ዘሮች ይለቅቃል። እነዚህ የተላጠ ወይም የራሰ ቦታ ፈልገው ይገባሉ። ስለዚህ ደረቅና ያልተላጠ ቆዳ ካለ ባክቴሪያው ቢኖርም በሽታ አይሆንም።

መለያው እንዲህ ነው። ፀጉሩ ሰብሰብ ብሎ እንደ ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ይቆማል። ቅርፊቱ ሲነሳ ፀጉሩን ይዞ ይመጣል፣ ሥሩ ቀላ ያለና እርጥብ ቆዳ ይቀራል፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ቢጫ መግል ይኖረዋል። የሚበዛው ዝናብ በሚያርፍበት ቦታ ነው፦ በጀርባ፣ በዳሌ፣ ውሃው ወደ ጎን በሚንቆረቆርበት መስመር። ፈረሱን ከማሳከክ ይልቅ ያመዋል። ይህ ከቅማልና ከእከክ ለመለየት ጥሩ ምልክት ነው።

ቅርፊቱን ልንቀለው? ሕክምናውስ እንዴት ነው?

በደረቁ አትንቀሉት። ያማል፣ ጤነኛ ቆዳም አብሮ ይላጣል፣ ፈረሱም ሁለተኛ እንድትነኩት አይፈቅድም። መጀመሪያ በሞቀ ውሃ አለስልሱት። ከዚያ ክሎርሄክሲዲን ያለበት የእንስሳት ሻምፖ (2 በመቶ ገደማ የሆነው ይበቃል) በቁስሉ ላይ አረፋ እስኪሆን እሹት። አሥር ደቂቃ ይቆይ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀብቶ ወዲያው ያጥበዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው በቆየበት ጊዜ ነው። ከዚያ በደንብ አለቅልቁ። በራሱ የለቀቀውን ቅርፊት ብቻ አንሱ፣ እምቢ ያለውን ለሚቀጥለው ጊዜ ተዉት።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው፦ ማድረቅ። በንጹህ ፎጣ እየጫናችሁ ውሃውን ምጠጡ እንጂ አትፈግፍጉ። ድምፁን ከለመደው የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ይጠቅማል። ብርዱ ከበረታ ሙሉ ገላውን አትጠቡ፤ የቆሰለውን ቦታ ብቻ በየተራ አክሙ። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን አንዴ፣ እየዳነ ሲሄድ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ፈረሱን ማድረቅ ካልቻላችሁ ግን ማጠቡን አትጀምሩት። እርጥብ አድርጎ መተው በሽታውን መቀለብ ነው።

የወጣውን ቅርፊት መሬት ላይ አትጣሉ። ባክቴሪያው በውስጡ ለወራት ይኖራል። ሰብስባችሁ አቃጥሉት ወይም በከረጢት አስወግዱት። ብሩሹን፣ ግላሱንና ፎጣውን ለብቻ አድርጋችሁ እጠቡ፤ ለሌላ ፈረስ አታውሱ። እስኪድን ድረስ ኮርቻ አይጫንበት። ጣሪያ ያለውና አየር የሚያልፍበት ደረቅ ቦታ ካገኘ ቀላሉ የዝናብ ቁስል በራሱም ይድናል። ሰፊ ቦታ ከያዘ፣ መግል ከበዛ ወይም ትኩሳት ካለ ግን የእንስሳት ሐኪም አንቲባዮቲክ ሊያዝለት ይችላል። ሰውም ላይ አልፎ አልፎ ስለሚተላለፍ እጃችሁ ቁስል ካለው ጓንት አድርጉ።

ከኮቴው በላይ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ቅርፊት ያዘ። የጭቃ ነው?

ሊሆን ይችላል። ፈረስ ጭቃ ውስጥ ሲቆም የሚያገኘው የእግር ቁስል በብዛት የሚጀምረው ከኮቴው በላይ ከኋላ ካለው እጥፋት ነው። ቆዳው ይቀላል፣ ፈሳሽ ያወጣል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ከዚያ ወፍራም ቅርፊት ይሠራና በእርምጃ ሁሉ ይሰነጠቃል። አንዳንዱ እግር ያብጣል፣ አንዳንዱ ፈረስም ያነክሳል። ነጭ እግር ያላቸው ፈረሶች ቆዳቸው ሮዝና ስስ ስለሆነ ይበልጥ ይጠቃሉ። የእግር ፀጉራቸው የሚበዛ ዝርያዎችም እንዲሁ፤ ፀጉሩ እርጥበቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆያል።

ይህ ቁስል አንድ በሽታ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ደርማቶፊለስ ሊሆን ይችላል፣ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስ ወይም የእከክ ተባይ ሊሆን ይችላል። ጭቃው በሩን ይከፍታል፤ የሚገባው እንግዳ ግን ይለያያል። ስለዚህ ጎረቤት ፈረሱን ያዳነበት መድኃኒት የእናንተን ላያድን ይችላል።

አያያዙ ከጀርባው ጋር ይመሳሰላል። በዙሪያው ያለውን ፀጉር በመቀስ ወይም በመላጫ ማሽን አሳጥሩ፣ ቅርፊቱን አለስልሱ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከጭቃው አውጡት። የበር መግቢያና የውሃ ገንዳ ዙሪያ ብዙ ፈረስ የሚቆምበትና የሚቦካ ቦታ ነው፤ እዚያ ጠጠር ማፍሰስ ከብዙ ጠርሙስ መድኃኒት ይበልጣል። አንድ ነገር አደራ፦ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን አረጋግጡ። ፈረስ ለዚህ በሽታ በጣም ተጋላጭ ነው፤ የተሰነጠቀ እግር በጭቃ ውስጥ ማለት ደግሞ ለጀርሙ የተከፈተ በር ነው።

ከጭቃ ሲመለስ እግሩን በየቀኑ ልጠበው?

ጤነኛ እግር ከሆነ ጭቃው ይድረቅና በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በየቀኑ በውሃ የሚታጠብ እግር ከጭቃው ያልተናነሰ ይርሳል፤ በቧንቧ ኃይል የሚረጭ ውሃ ደግሞ ጀርሙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጭቃውን የግድ ማጠብ ካለባችሁ በዝግታ እጠቡና እስከ መጨረሻው አድርቁ። እግሩ ቁስል ካለው ግን ጭቃ ተጣብቆበት መክረም የለበትም፤ በሕክምናው መንገድ ይታጠብ።

ቫዝሊን ወይም ዘይት ብቀባውስ?

ንጹህ፣ ደረቅና ያልቆሰለ ቆዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከተቀባ ውሃ ይከላከላል። በእርጥብ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ ግን ጀርሙን ከነእርጥበቱ አፍኖ ያስቀምጠዋል። ብዙ የከፋ እግር ያየሁት በፍቅር ተደጋግሞ ከተቀባ ቅባት ሥር ነው።

ፀጉሩን ስቦርሸው ፎረፎር ይወርዳል። በሽታ ነው?

ትንሽ ፎረፎር በሽታ አይደለም። ቆዳ ራሱን ያድሳል፤ በረጅሙ ፀጉር ውስጥ የሞተው ቆዳ ስለሚጠራቀም ብቻ ነው የሚታየው። በየቀኑ በደንብ መቦረሽ ቆዳውን ያነቃቃል፣ ወዙንም በፀጉሩ ላይ ያዳርሳል። በሻምፖ መደጋገም ደግሞ ያለውን ወዝ አጥቦ ይባስ ያደርቀዋል።

ፎረፎሩ ብዙ ከሆነና ፀጉሩ ከደበዘዘ መኖውን እዩ። ለምለም ሣር ጥሩ ቅባት አለው፤ ድርቆሽ ሲሆን አብዛኛው ይጠፋል። የተፈጨ ተልባ በመጠኑ መጨመር ይረዳል። ለውጡ ግን በሳምንት አይታይም፤ ሁለት ወይም ሦስት ወር ጠብቁ። ዚንክና መዳብም ለቆዳ ያስፈልጋሉ። ሴሌኒየም ያለበትን ተጨማሪ ምግብ ግን በግምት አትስጡ። ሲበዛ መርዝ ነው፤ ራሱ የጋማና የጭራ ፀጉር ያረግፋል፣ ኮቴም ይሰነጥቃል። ፎረፎሩ ላይ ማሳከክ ከተጨመረበት ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ።

ሌት ተቀን ራሱን ከግድግዳ ጋር ይፈገፍጋል። በብርድ ምን ያሳክከዋል?

ትንኝ በሌለበት ወር የሚያሳክክ ነገር ካለ መጀመሪያ ቅማል ጠርጥሩ። የፈረስ ቅማል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቆዳ ፍርፋሪ የሚያኝክ ነው፤ በአንገት፣ በጎንና በጀርባ ይገኛል። ሌላው ደም የሚመጥ ነው፤ ከጋማ ሥር፣ ከጭራ ሥርና ከቁርጭምጭሚት አካባቢ ይበዛል። የሚመጠው ሲበዛ ደካማ ፈረስና ውርንጭላ ደም ያንሰዋል። በጥሩ ብርሃን ፀጉሩን ከፍላችሁ ብታዩ ቅማሉ ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። ቅጫሙ ደግሞ ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ እንደ ነጭ ነጥብ ይታያል፤ እንደ ፎረፎር በጣት ሲነካ አይራገፍም።

ሕክምናው ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ለፈረስ የተፈቀደ የቅማል ዱቄት ወይም ፈሳሽ ፈልጋችሁ እንደ መመሪያው ተጠቀሙ። መድኃኒቱ ቅጫሙን ስለማይገድል በሁለት ሳምንት ገደማ መደገም አለበት። አንዴ አድርጎ የተወ ሰው በወሩ እንደገና ይጀምራል። አብረው የሚኖሩ ፈረሶች ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ፣ የማያሳክከውም ጭምር። በአፍ የሚሰጥ አይቨርሜክቲን ደም መጣጩን ሊቀንስ ይችላል፤ አኛኪውን ግን በደንብ አይነካም። ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ደግሞ ለድመት አደገኛ ነው። ጋጣው ውስጥ ድመት ካለች ፈረሱ እስኪደርቅ አርቋት።

ፈረሱ በሌሊት እግሩን መሬት ላይ ደጋግሞ ከመታና ቁርጭምጭሚቱን በጥርሱ ከነከሰ ኮሪዮፕቲስ የሚባለው የእከክ ተባይ ሊሆን ይችላል። እግራቸው ፀጉራም በሆኑ ፈረሶች ላይ የተለመደ ነው። በዓይን አይታይም። ሐኪም ከቆዳው ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነው የሚታወቀው። ተባዩ ከፈረሱ ወርዶ ጉዝጓዝ ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ጉዝጓዙን ጨርሶ መለወጥ የሕክምናው ክፍል ነው።

ቅማሉ ወደ ሰው ይተላለፋል?

አይተላለፍም። የፈረስ ቅማል በፈረስና በዘመዶቹ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው። እጃችሁ ላይ ቢወጣ እንኳ ሰው ላይ አይራባም። ልጆች ፈረሱን እንዳይቀርቡ ማስፈራራት አያስፈልግም።

ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ረገፈ። ጭርት ነው?

ክብ ሆኖ የሚረግፍ፣ ዳር ዳሩ የተነሳና አመድ የመሰለ ቅርፊት ያለው ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል። በፈረስ ላይ በብዛት የሚያመጣው ትሪኮፊተን ኢኩዊነም የተባለ ፈንገስ ነው። የሚጀምረው ኮርቻ፣ መቀነቻና ልጓም በሚነካበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም በዕቃ ይተላለፋል። ከተላለፈ በኋላ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። ስለዚህ ዛሬ አንዱ ፈረስ ላይ ካያችሁ ሌሎቹ ገና አላሳዩም ማለት እንጂ አልያዛቸውም ማለት አይደለም። ግን ክብ ሁሉ ጭርት አይደለም። የዝናብ ቁስልም ሲጀምር ክብ ሊመስል ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ሐኪም የፀጉር ናሙና ወስዶ ፈንገሱን በላቦራቶሪ ያሳድጋል።

ጭርት በራሱ ይድናል፤ ከአንድ እስከ አራት ወር ሊፈጅ ይችላል። ታዲያ ለምን እናክመዋለን? እንዳይዛመት ነው። ኢኒልኮናዞል ያለበት ማጠቢያ በሦስት ቀን ልዩነት አራት ጊዜ መጠቀም የተለመደ ነው። ወደ ሰው በቀላሉ ስለሚተላለፍ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ፣ የታመመውን ፈረስ ከሁሉም መጨረሻ ላይ ተንከባከቡ። ዘሩ እንጨትና ቆዳ ላይ ከወራት በላይ ይቆያል። እንጨቱንና ባልዲውን በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ። የቆዳ ኮርቻ በረኪና አይወድም፤ ለእሱ የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ማጠቢያ ፈልጉ። ምን እንደሆነ ሳታውቁ የስቴሮይድ ክሬም አትቀቡ። ቅላቱን ያጠፋል፣ ፈንገሱን ግን ያሰፋዋል።

ብርድ ልብስ ባለብሰው ቆዳው ይጠበቃል ወይስ ይጎዳል?

እንደ አያያዙ ነው። ጤነኛ፣ በደንብ የሚበላና መጠለያ ያለው ፈረስ ብርድን በራሱ ይቋቋማል። ፀጉሩን አቁሞ በመካከሉ ሞቃት አየር ይይዛል። ልብሱ ይህን ፀጉር ይጫነዋል። ስለዚህ ከለበሰ የሚመጥን መሆን አለበት። ቀጭንና ዝናብ የሚያስገባ ልብስ ከራቁትነት ይብሳል፤ ፈረሱን እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ማሳደር ነው።

ውሃ የማያስገባ ግን ላብ የሚያወጣ፣ ልክ የሆነ ልብስ ምረጡ። እርጥብ ወይም ያላበው ፈረስ ላይ ልብስ አትጫኑ፤ መጀመሪያ ይድረቅ። በየቀኑ አውልቁትና እጃችሁን ትከሻውና ደረቱ ላይ አሳልፉ። ልብስ የሚፈትገው እዚያ ነው፤ መጀመሪያ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቀጥሎ ቆዳው ይላጣል። ከልብሱ ሥር ያለው ቆዳ ከሞቀና ከረጠበ በዝቷል ማለት ነው። ሌላም ችግር አለው፦ ልብስ ክሳትን ይደብቃል። ጎድን አጥንቱ መቼ እንደወጣ ሳታውቁ ክረምቱ ሊያልፍ ይችላል።

ፀጉሩን ብሸልተው አይሻልም?

ብዙ ለሚሠራና ለሚያልበው ፈረስ ይሻላል፤ ከሥራ በኋላ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ አይቆምም። ነገር ግን የተሸለተ ፈረስ ልብስና መጠለያ የግድ ይፈልጋል። ለማይሠራው ፀጉሩን ተዉለት። የቅማል ወይም የዝናብ ቁስል ያለበትን ከሸለታችሁ የማሽኑን ምላጭ አጽዱ፤ ካልሆነ ለሚቀጥለው ፈረስ ታድሉታላችሁ።

ብርዱ አልፎ ሌሎቹ ፀጉራቸውን ሲያራግፉ የእኔ አላራገፈም። ለምን?

ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ ከሆነ ኩሺንግ የሚባለውን በሽታ አስቡ። በአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ሥራዋን ስታዛባ የሚመጣ ነው። ፀጉሩ ይረዝማል፣ አንዳንዴም ይጠቀለላል፣ በጊዜውም አይረግፍም። ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ውሃ ያበዛል። በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ያው የቆዳ ቁስል በየክረምቱ ይመለስበታል።

በደም ምርመራ ይታወቃል። ፐርጎላይድ የሚባል መድኃኒት አለው፤ አያድነውም፣ ግን ብዙ ፈረሶች ለዓመታት ደህና ሆነው እንዲኖሩ ያደርጋል። በጊዜ መታወቁ ከቆዳው በላይ ለኮቴው ነው የሚጠቅመው። ይህ በሽታ ያለበት ፈረስ የኮቴ ውስጥ ብግነት ሊይዘው ይችላል፤ ያ ደግሞ ሕይወቱን ሊያሳጣው የሚችል ሥቃይ ነው። «አርጅቶ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ነጭ የሆነው ቆዳ ብቻ ነው የሚቆስለው። ዳማው ቦታ ደህና ነው። ምን ማለት ነው?

ይህ ትኩረት የሚሻ ምልክት ነው። ጭቃና ዝናብ ስስ ሮዝ ቆዳን ይበልጥ እንደሚጎዱ ብለናል፤ ነገር ግን ቁስሉ በነጩ ጠርዝ ላይ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ካቆመ ምክንያቱ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ቦራ የሆነ ፈረስ አፍንጫው ላይ ያለው ነጭ ሲቆስልና ነጭ እግሮቹም አብረው ሲቆስሉ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አፍንጫ ጭቃ ውስጥ አይቆምማ።

ቆዳው ለፀሐይ እንዲህ የሚቆጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንድ ተክሎች ሲበሉ በቀጥታ ያስቆጡታል። ሌላውና የከፋው ጉበት ሲታመም ነው። ፈረስ አረንጓዴ ቅጠል ሲበላ የሚፈጠረውን አንድ ንጥረ ነገር ጤነኛ ጉበት ያስወግደዋል፤ የታመመ ጉበት ሲያቅተው ንጥረ ነገሩ በደም ወደ ቆዳ ይሄድና ብርሃን ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል። ስለዚህ ቅባት እየቀያየራችሁ አትቆዩ። ከፀሐይ አስጠልሉትና የጉበት የደም ምርመራ እንዲደረግለት ጠይቁ።

በደንብ አክሜው ይድናል፣ ከዚያ ይመለሳል። ምን ጎደለኝ?

መጀመሪያ ጭቃውን እዩ። ፈረሱን ለሦስት ሳምንት ደረቅ ቦታ ብታቆሙት ይድናል? ከዳነ በሽታው ሜዳው ውስጥ ነው ያለው። እዚያው ጭቃ ውስጥ ከመለሳችሁት ማንም መድኃኒት አያሸንፍም።

ደረቅ ሆኖም ካልዳነ ሌላ ነገር ሥር አለ። የእከክ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያውን ታክማላችሁ፣ ተባዩ ግን ያሳክከዋል፣ ፈግፍጎ እንደገና ያቆስለዋል። የደም ሥር ብግነትም አለ፤ በነጭ እግር ላይ ይበዛል፣ ያማል፣ በባክቴሪያ መድኃኒት አይሻለውም። ከባድ ሸክም በሚጎትቱ ትልልቅ ዝርያዎች፣ እንደ ሻየርና ክላይድስዴል ባሉት፣ ደግሞ እግራቸው ውስጥ ያለው የሊምፍ ፈሳሽ በደንብ አይወርድም። ቆዳው እየወፈረ፣ እየተጣጠፈና እብጠት እያወጣ ይሄዳል። ይህ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው፤ በእንክብካቤ ይያዛል እንጂ አይጠፋም። እነዚህን በዓይን መለየት ስለማይቻል ከቆዳው ላይ ናሙና መወሰድ አለበት። ሦስተኛ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ብር ለምርመራ አውሉት።

ሐኪም መቼ ልጥራ?

እግሩ በአንድ ሌሊት አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ ካመመውና ካነከሰ ዛሬውኑ ሐኪም ጥሩ። ይህ ጀርሙ ከቆዳው ሥር ገብቷል ማለት ነው፤ በሰዓታት ይብሳል። ትኩሳቱን ለኩ። የጤነኛ ትልቅ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከዚያ ከበለጠና ምግብ ካቆመ አትጠብቁ። በእግሩ ውስጠኛ በኩል እንደ ገመድ የተወጠረ መስመርና በላዩ ላይ የሚፈነዱ እብጠቶች ካሉም ተራ የጭቃ ቁስል አይደለም። ፈረሱን ከሌሎቹ ለይታችሁ ሐኪሙን ጠብቁ።

አስቸኳይ ባይሆንም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ትክክለኛ እንክብካቤ ለውጥ ካላያችሁ፣ ቁስሉ ዓይን አጠገብ ከሆነ፣ ወይም አንድ ሳይሆን ብዙ ፈረሶች በአንድ ጊዜ ካሳዩ ሐኪም ጥሩ። ከመምጣቱ በፊት በነበረው ቀን ቁስሉን አትጠቡ፣ ቅባትም አትቀቡ። ናሙናው የሚናገረው ቆዳው ባልተነካበት ጊዜ ነው። መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደጀመረ፣ እስካሁን ምን ምን እንደተደረገለት ጻፉና ስጡት። ፎቶም አንሱ፣ በየሦስት ቀኑ ከአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን።